ስለ ጌታነሽና ስለ ክርስትና እናቷ

ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ይሥሐቅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመም ተሻለዎ ወይ? እሌኒስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የሐዋሳው ሙቀት አልከበዳችሁም? እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። ውርጩ ገብሱን መትቶታል፤ የባሰ ባይመጣብኝ ኖሮ ስለ እሱ ባለቀስኩልዎ ነበር። በስልክ ብነግርዎ ይዘጉብኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጌታነሽ ተመልሳለች። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የክርስትና እናቷ ለተሥላሴ አዲስ አበባ ወስጄ ላስተምራት ስትለኝ አልሰጥም ብዬ ነበር። የክርስትና እናት ከወላጅ አትለይም፣ ስጫት ብለው የላኩብኝ እርስዎ ነዎት። ልጄ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ለተሥላሴ ሰው ቤት በሠራተኝነት አስገብታት ደመወዟን ራሷ ስትበላ ኖራለች። እጇ በበረኪና ተልጧል፤ ይህንስ ቅባት ያሽረዋል።

የመጣች ዕለት ራት አቅርቤ ብጠራት በሩ ሥር ቆማ፣ «እትዬ፣ እናንተ ብሉ፤ እኔ የተረፈውን እበላለሁ» አለችኝ። እናቷን እኮ ነው ጋሼ። እንጀራው እጄ ላይ ቀረ።

ለተሥላሴን ፖሊስ ይዟታል። በሰው መነገድን የሚከለክል አዋጅ አለ፤ ልጅ ከሆነች ወላጅ ቢፈቅድም ወሳጇ አትድንም ብላ ዐቃቤ ሕጓ አስረድታኛለች። ቀበሌ ስለዚሁ አዋጅ ሲሰበስበን ሁላችንም ሞባይል ይዞ ገበያ ለገበያ የሚዞር ደላላ ነበር የታየን። ክርስትና ያነሳቻትን ሴት ማን ይጠረጥራል?

እርስዎ የላኳቸው ሽማግሌዎች ደግሞ መጥተው ገበናችንን ፍርድ ቤት አታውጪ አሉኝ። አቶ ቴዎፍሎስማ ፈቅደሽ ሰጥተሽ ምን ትከሻለሽ ብለው ተቆጡኝ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ይቅርታ የሚጠየቀው ጌታነሽን ነበር፤ ከመካከላቸው ወደ እሷ ዞር ያለ አንድም ሰው የለም። በየካቲት ሚካኤል ማግስት ደብረ ብርሃን ቀርቤ እመሰክራለሁ። እህቴ አይደለሽም ቢሉኝም እችለዋለሁ።

ለእሌኒ ሰላምታዬ ይድረሳት። ፍሬአብን ትምህርቱ ይቅናህ ብላሃለች በሉልኝ። ልጅዎን ኮከቤን ሳሙልኝ፤ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞላት አሉ። የእሷም ክርስትና እናት መጥታ ልውሰዳት ብትል ይሰጧት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ከሰጧት እኔም ከፍርድ ቤት እቀራለሁ።

እህትዎ ሰርካለም
ሞላሌ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.