አባወራው ማሙሽ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ዛሬም ሰፈር ውስጥ ቀብር ነበር። እማዬ ወንድሜን ማሙሽን የአባዬን ኮት አልብሳ ወደ እድሩ ድንኳን ሰደደችው። አባዬ ከሞተ ጀምሮ በእድሩ የቤታችን ተጠሪ እሱ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ! ቁመቱ ግን... በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሰይፈሥላሴ "አባወራው መጣ!" ይሉታል፤ እሱም ደረቱን ይነፋል።

ማታ ላይ በዚያው ኮት ኳስ ሲራገጥ አገኘሁት። ክርኑ ላይ ተቀዷል። ማን ሊሰፋው? ቀኑን ሙሉ ቤቴል ፀጉር ቤት ቆሜ የዋልኩት እኔ ማራኪ! ተናደድኩ። ሰፋሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ማሙሽ ታሰረ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ከቆመ መኪና ላይ ስፖኪዮ ሲነቅሉ... ጓደኞቹ ሮጡ፣ እሱ ተያዘ። አድርጎታል። ራሱ ነገረኝ። አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። "ምን አነሰህ?" አልኩት።

ያሰሩት ግን ከትልልቆቹ ጋር ነው። መርማሪው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ብሎ ጽፏል።
"አሥራ አራት ነው!"
"እህቴ፣ ይሄ ቁመት የአሥራ አራት ነው?" ሳቀብኝ።
በቁመት ነው እንዴ የሚታሰረው? ራሱን አልጠየቃችሁትም? አልኩት።
"ጠይቀነዋል። አባወራ ነኝ ብሏል።"
ወይ ማሙሽ! እዚያም ጉራ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ደንበኛዬ ሜሪ ፍርድ ቤት ነው የምትሠራው። ፀጉሯን እየሠራሁ ጠየቅኳት። አሥራ አምስት ካልሞላው ጉዳዩ ለብቻ ይታያል፣ ዳኛው እናቱ እጅ ሊመልሰው ይችላል አለች። "የልደት ካርድ አለው?" የት አባቱ! እቤት ነው የተወለደው። የክርስትና ካርዱንም ቤታችን የገባው ጎርፍ ወሰደው።

አንድ ወረቀት ስለሌለው ልጅነቱ ይቀራል? እኔ አይደለሁም እንዴ አዝዬ ያሳደግኩት?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3
ሐኪም ቤት ወስደው እጁን ራጅ አነሱት። ውጤቱ፦ "ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ዘጠኝ"። እንዲህ ለመገመት ማሽን ምን ያደርጋል? ዳኛዋ ዕድሜውን የሚያውቅ ምስክር አምጡ አለች።

እማዬ አፍታም አልቆየች፤ "ጋሽ ሰይፈሥላሴ!" አለች። እኔ ግን ማሙሽ ሲወለድ የተቀበሉትን ጎረቤታችንን እማማ ሀያቱን ነበር ያሰብኩት። ቀኑን ያውቁታል፣ እትብቱን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እሺ፣ ሁለቱንም እንጥራ አልኳት።
"እሳቸው እያሉ ሌላ መጨመር መናቅ ነው። ነገ ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው?"
ተጨቃጨቅን። እማዬ አሸነፈች። ሁሌም እንዲህ ናት... ሰው ከሚቀየማት እሳት ቢበላት ይሻላታል።

ረቡዕ፣ ጥር 6


ጋሽ ሰይፈሥላሴ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ማሉ። ልጁን ያውቁታል ወይ ተባሉ።
"እንዴት አላውቀውም! ጨዋ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ከወንዶቹ እኩል መቃብር የሚቆፍር!"
እማዬ ደስ ብሏት ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ በልቤ እለምናቸዋለሁ። ዕድሜውን ይናገሩ... ዕድሜውን ብቻ!

ዓቃቤ ሕጉ ብድግ አለ። "እድራችሁ በስንት ዓመት ነው አባል የሚቀበለው?"
"በአሥራ ስምንት። ደንባችን ነው።"
"እሱንስ?"
ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ልጅ መዝግበናል ማለት አቃታቸው። ያ ሁሉ አባል ኋላ ምን ይላቸዋል?
"ደንባችንን ጠብቀን ነው የተቀበልነው።"

ማሙሽ እንደለመደው ደረቱን ነፋ። ያ ሞኝ! የተመሰገነ መስሎት! አጠገቡ ከቆመው ፖሊስ በቁመት በለጠ፤ ዳኛዋም አየችው። ጉዳዩ እንደ አዋቂ ሰው ይታያል አለች። "ልጅ ነው!" ብዬ ጮህኩ። አስወጡኝ።

ውጭ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ትከሻዬን ያዙኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ስሙን በደህና አንስቼለታለሁ።"
"ገደሉት!" አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል? ይባላል። ጠላኋቸው። ዳኛዋንም፣ ዓቃቤ ሕጉንም፣ ያንን መርማሪም። እማዬንም ዛሬ ጠላኋት።

ዓርብ፣ ጥር 22
ስድስት ወር ፈረዱበት። ለአንድ ስፖኪዮ። ከትልልቆቹ ጋር።

እሑድ፣ የካቲት 8
ማረሚያ ቤት ሄጄ ጠየቅኩት። በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆምን። ከስቷል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል።
"ምን ሆነህ ነው?"
"ወድቄ ነው።"
"ማሙሽዬ..."
"እንደሱ አትበይኝ!" በጥርሱ መሃል ነው ያለው። "እዚህ ልጅ ሲያገኙ..." አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

አጠገቡ ፂማም እስረኛ ቆሟል፤ ጆሮው እኛ ላይ ነው። ድንገት ወደ እኔ ዞረ።
"እህቱ ነሽ አይደል? ስንት ዓመቱ ነው እውነቱን? እኛን ሃያ ነኝ ይለናል።" ሳቀ። ከኋላው ያሉትም ዞረው አዩን።

ማሙሽ አይን አይኔን አየኝ። ትንሽ ሆኖ ጨለማ ሲፈራ እንዲህ ነበር የሚያየኝ። ስንት ቦታ ነው አሥራ አራት ነው እያልኩ የጮህኩት? ጣቢያ፣ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት... አንድ ሰው እንኳን አላመነኝም።

"ሃያ ሞልቶታል" አልኩ። "አባወራችን ነው።"

ይሄኛው አመነኝ።

ማሙሽ ደረቱን አልነፋም። ያመጣሁለትን ምግብ ተቀብሎኝ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ።