በእጀታው በኩል

ከእናቴ ልጅ ለማላሳንስሽ ባልንጀራዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የደም ግፊት እንዴት ሆነልሽ? ኪኒኑን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ድሮሽ ራስሽን ሲያዞርሽ ብቻ ነው ትዝ የሚልሽ? ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ትልቋ ፈተናውን አለፈች? እኔን ካልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ደኅና ነኝ ማለት ይኸው ከሆነ ተመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሁለት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ጊዜ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ዝናብ! አንቺም ታዝበሽኛል። በስልክ ያልወጣኝ በወረቀት ይወጣኝ እንደሆነ ልሞክር። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው። እሳት ላይ የጣድሽው ነገር ካለም አውርጂው።

ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። ወንድሜ ሲሞት ተሠቃይቷል ወይ ብለሻል። ይህ ክርክር ሲያልቅ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ ይለኝ ነበር፣ ምን ነበር ብለሻል። ደግሞስ ከእናንተ መካከል ይህን ቀድሞ ያየ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ ወይ ብለሻል። ሁለተኛውን አልመልስልሽም፣ ተይኝ። የቀሩትን ግን ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

ለቀብር መጥተሽ በሦስተኛው ቀን ስለተመለስሽ ነገሩን ከሥሩ ያወራሽ የለም። ወንድምሽ ድምቡሼም ቢሆን እንዳትጨነቂ ብሎ ግማሹን ሲደብቅሽ ነው የኖረው። (ድምቡሼ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ሲወለድ ሁለት አገጭ ነበረው ብለሽ። አድጎ እንደ ሸምበቆ ሲመነምን እንኳ ስሙ አልለቀቀውም።) እሱና ቆራጩ በዚያች ጠባብ ጫማ መሥሪያ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠርተዋል። ያኛው ቆዳውን ይቆርጣል፣ ያንቺው ይሰፋል። ምሳ የሚበሉት ከአንድ ሳህን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቆራጩ ግራ እጁን ሶል መጫኛው ማሽን ሥር አስገብቶ ሳለ ድምቡሼ ፔዳሉን ረገጠው። ሁለት ጣት እዚያው ቀረ። ድምቡሼ እግሬን አዳልጦኝ ነው ይላል። ቆራጩ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የረገጠው ይላል። እውነቱን ፈጣሪ ይወቀው።

በሦስተኛው ሳምንት ቆራጩ እጁን በፋሻ እንደጠቀለለ መጣና፣ በደኅናው እጁ ከመደርደሪያው ላይ ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት ፎርማ አንስቶ የወንድምሽን መንጋጋ ሰበረው። ጥርስ አስነቅዬ ነው አፌ የተኮላተፈው ያለሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ውሸቱን ነው። ሦስት ጥርሱን ከደሙ ጋር ወለሉ ላይ ነው የተፋው። ስድስት ሳምንት በቀጭን ቱቦ ሾርባ ሲመጥ ቆየ።

ከዚያ ተካሰሱ። አሥራ አራት ወር ቀጠሮ! አንድ ቀን ዳኛ የለም፣ አንድ ቀን ምስክር የለም፣ አንድ ቀን መብራት የለም። በየቀጠሮው መካከል ይደባደባሉ። አንደኛው የሌላውን መስኮት በድንጋይ ያወርዳል፣ ሌላው በሩን ቤንዚን አርከፍክፎ ይለኩሳል። ድምቡሼም መልአክ አልነበረም፣ እውነቱን እንነጋገር። ለቆራጩ ጓንት ሰፍቶ ላከለት። ከልስልስ ቆዳ የተሠራ፣ የሚያምር ጓንት። የግራው እጅ ሦስት ጣት ብቻ ነበረው፤ በጎደሉት በሁለቱ ጣቶች ቦታ ላይ በዚያ በሚታወቅበት ደቃቅ ስፌት ጥርቅም አድርጎ ሰፍቶታል። ይህን ሲነግረኝ በተጣመመ መንጋጋው እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት።

ያን ጊዜ ነው አንቺ የጻፍሽልኝ። ፍርድ ቤት ደም አያደርቅም፣ አንቺ የማስታረቂያ ቢሮ እየሠራሽ የኔ ወንድም በየችሎቱ ሲንከራተት ዝም ትያለሽ ወይ ብለሽ። ይህን ያነሳሁት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ለማለት አይደለም። ባትጽፊልኝም ነገሩን እይዘው ነበር፤ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። አስታራቂ ከባለጉዳይ ጋር ዝምድና ካለው አይቀመጥም። ዝምድና የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩ ቀን እውነት ነበር።

ቢሯችንን አይተሽው አታውቂም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ጽሑፍ። ከጎን ደግሞ የወረቀት ካርቶን የታጨቀባት ትንሽ ክፍል አለች። ባለጉዳዮቹን አንድ በአንድ ለብቻ የምንሰማው እዚያ ነው። እዚያ የተባለ ነገር እንኳን ወደ ውጭ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛም አይሻገርም። ሥራችን የቆመው በዚህ ነው። ሰው ለሚስቱ የማይነግረውን ለኔ የሚነግረኝ ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ሥርዓት አለ፣ እሱን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ አናጢ ከጎረቤቱ ጋር ሊታረቅ መጋዙን እንደያዘ ከሥራ መጣ። ስለት ይዞ መቀመጥ ስለማይቻል መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሲታረቁ መጋዙን ለጎረቤቱ ሰጠሁትና በእጀታው በኩል መልስለት አልኩት። ጎረቤትየው የመጋዙን ጥርስ በመዳፉ ይዞ እጀታውን ዘረጋለት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ለታራቂ ሁሉ የሥራችሁን ዕቃ ይዛችሁ ኑ ማለት ጀመርኩ። ኃላፊያችን አጨበጨበልኝ፣ ጋዜጣ ፎቶ አነሳኝ። እኔም ጠቢብ የሆንኩ መሰለኝ። ትዕቢት እንዲህ ጥጋብ ጥጋብ ሲል አይታወቅም፣ እቴ።

እንግዲህ ለሁለቱም ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ወንድምሽ ወስፌውን፣ ያኛው የቆዳ ቢላውን። ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት።

ጠዋት ለብቻ ለብቻ ሰማኋቸው። ድምቡሼ በአምስት ደቂቃ ጨረሰ፤ ስለ ጓንቱ ይቅርታ ልጠይቀው ነው፣ ጨርሺውና እንሂድ አለኝ። ቀጥሎ ቆራጩ ገባ። የጎደለች እጁን ጭኑ ላይ አኖራት። እፈርማለሁ አለኝ። ይቅርታ በል ብትይኝም እላለሁ። ግን ያ ጓንት ቤቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ እሱን የሰፋ ሰው ከእናንተ ቤት በእግሩ አይወጣም አለኝ። እንዲህ ያለውን ስንቱን ሰምቻለሁ! በዚያች ክፍል የተዛተው ሁሉ ተፈጽሞ ቢሆን በዚህ ከተማ ቀባሪ አይገኝም ነበር። ንዴቱ ይውጣለት ብዬ አንገቴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩት።

ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢላዬን የሚመልስልኝ ማን ነው አለኝ። እሱ ነው አልኩት። በየት በኩል አለኝ። በእጀታው በኩል አልኩት። ስለቱ ወደ እሱ ሆኖ ነው አለኝ። አዎ፣ መተማመን ማለት እኮ እሱ ነው ብዬ እንደ አስተማሪ አስረዳሁት። ጥሩ አለ። ጥሩ ብሎ ተነስቶ ወጣ።

ወይ ነዶ! ነገሩ ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር እኮ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ነበረኝ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ዛሬ መሳቢያው አይከፈትም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ የሰማሁትን ለማንም ሳልናገር፣ ሥርዓቱንም ሳላፈርስ። ግን ፊርማውን ባስቆመው መዝገቡ ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል፣ ሌላ አሥራ አራት ወር። መጠበቅ አንገሽግሾኝ ነበር። ምን ስትጠብቂ ነበር ብለሽ አትጠይቂኝ። ዳቦዬን እየገመጥኩ አፍ ነው፣ አፍ ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩት።

ከሰዓት በኋላ ፈረሙ። ቆራጩ ወስፌውን በእጀታው በኩል ለወንድምሽ መለሰለት፤ ሥርዓት ባለው መንገድ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ። ከዚያ ድምቡሼ ቢላውን ተቀበለኝ። ስለቱን በመዳፉ ያዘ። እጀታውን ዘረጋ። ቆራጩ እጀታውን ጨበጠና አልሳበውም፤ ገፋው። መጀመሪያ የተሰነጠቀው የድምቡሼ መዳፍ ነው፣ ከዚያ ከጎድኑ ሥር ገባ። ነቅሎ ደገመው። ነቅሎ ሠለሰው። እኔ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቼ ጸጉሩን ጨምድጄ ስጎትት ክንዴን ከላይ እስከ ታች ተለተለኝ፤ ሞተር ብስክሌት ነካኝ ያልኩሽ ጠባሳ እሱ ነው። ጸሐፊዋ ትጮኻለች። ሲጨርስ ቢላውን የስምምነቱ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። የሁለቱም ፊርማ ገና አልደረቀም ነበር።

ተሠቃይቷል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ። ልዋሽሽ አልችልም። እስከ ፎቁ ደረጃ ድረስ ደሙ ወርዷል። ግን አጭር ነበር፣ ብቻውንም አልነበረም፤ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። የመጨረሻ ቃሉን ትፈልጊ እንደሆነ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ደም ከቆዳ አይለቅም አለኝ። አድርጌው የነበረው እሱ የሰፋልኝን ነው። እግሬን ሳይለካ ነው የሰፋው፣ እንዲያም ሆኖ ልክክ ነው ያለው። አላወለቅሁትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ቀድሞ ያየ ሰው ነበር፣ እኔ ነበርኩ። መርማሪው ሲጠይቀኝ ግን ተከሳሹ ጠዋት ረጋ ብሎ ነበር አልኩ። ኃላፊያችን አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ በኋላ በረንዳ ላይ ጠርቶ ምስጢር ለመጠበቅ የፈረምኩበትን ቅጽ አሳየኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ማክሰኞ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠርቻለሁ። የቆራጩ ጠበቃ ቢላውን ሲጨብጥ ድንገት ደሙ ፈልቶ ነው እንጂ አላሰበበትም ይላል። አስቦበት ከሆነ ዕድሜ ልኩን ነው። ደሙ ፈልቶ ከሆነ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይወጣል። አስቦበት እንደነበር ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ብናገር ነገ ባሏ የሚቀጠቅጣት ሴት እዚያች ክፍል ገብታ አፏን አትከፍትልኝም። እውነት ነው ይሄ፣ ሰበብ ብቻ አይደለም። ሰበብም ነው ግን። ብናገር ሰማሽ ታዲያ ለምን ቆልፈሽ አልተውሽውም ይሉኛላ! አንቺም ትይኛለሽ። ያን ነው የምፈራው።

ማክሰኞ እናገራለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ግን ራሴን አላምነውም። ስለ ዝናብ ያወራች አፍ ናት እኮ። ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያየኝ፣ እንደገና ረጋ ብሎ ነበር ብዬ እወርድ ይሆናል። ለዚህ ነው ሁሉንም በእጅ ጽሑፌ የጻፍኩልሽ። ከዋሸሁ ወረቀቱን ለዐቃቤ ሕግ ስጪው፤ ሥራዬንም ስሜንም ይውሰዱት፣ አልቀየምሽም። ካልዋሸሁም መስጠት ካሰኘሽ ስጪው። ስለቱ ወደ እኔ ነው። በእጀታው በኩል ነው የሰጠሁሽ።

ፈጣሪ ሆድሽን ያጽናልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ክፉ አይንካብሽ፤ የወንድምሽ ሐዘን የመጨረሻሽ ይሁን። ኪኒንሽን ዋጪ። እኔ ማክሰኞ ያንኑ ጫማ አድርጌ ነው የምቆመው፤ እንዳለው ደሙ አልለቀቀም።

ባልንጀራሽ ነኝ።

ከዚህ በላይ የተሰረዘውን ቃል ለማንበብ አትሞክሪ። መጀመሪያ የፈረምኩት በሱ ነበር፤ ከስምምነቱ በኋላ እኔና ድምቡሼ አብረን መጥተን ልንነግርሽ ነበር።