ማክሰኞ ስለተፈታው ቡለን

ለክቡር ማስተር ፊፊ ኤሱማን
የሰኮንዲ ዳርቻ መካኒኮች ማኅበር ሊቀ መንበር
በጋራዡ ግቢ የማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና ዳሌዎ? እነዚህ ሦስቱ ደህና ለሆኑለት ሰው ሌላው ሁሉ ትርፍ መሆኑን በቅርቡ ስለተማርኩ ነው ለይቼ የምጠይቀው። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ባለቤቴ አራባም ከዳሌዋ በቀር ደህና ናት።

ይህን ደብዳቤ በሰሌዳው ላይ ከማኅበራችን ደንብ ጎን እንዲለጠፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደንቡን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እርስዎ ሲናገሩ እኔ ኤኮው ክዋንሳ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በእጄ ጽሕፈት እንደጻፍኩት ያስታውሳሉ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፤ «ከመኪና የወጣ አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጠው፤ አይቶ ይመን።» ያን ዕለት «ኤኮው፣ ይቺን ደመቅ አድርገህ ጻፋት፤ ክብራችን እሷ ናት» ብለውኝ ነበር። ደመቅ አድርጌ ጽፌያታለሁ፤ እስከ ዛሬም አልደበዘዘችም።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አሮጌዋ ፔጆዬ ከባሕሩ ጨው ጋር ስትታገል ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። አራባ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ታኮራዲ ሆስፒታል አደርሳታለሁ። የኋላ ሞላዎቹ ስለሞቱ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ዳሌዋ ላይ ነበር የሚያርፈው። ስለዚህ ከአክራ አዲስ ሞላ አስመጥቼ ሰኞ ዕለት መኪናዋን ለእርስዎ አስረከብኩ። ሞላው እንዲወጣ የታችኛውን ክንድ የያዘው ረጅም ቡለን መውጣት ነበረበት፤ ቡለኑ ደግሞ በላስቲክ ጎሚኒው መሃል ካለው የብረት ቱቦ ጋር ዝጎ አንድ ሥጋ ሆኗል። ቁልፍ አስገብተው ሲታገሉት አይቻለሁ። ከዚያ ላብዎን ጠርገው ሳቁና፣ «ኤኮው፣ እኔን የሚያሸንፍ ቡለን ገና አልተሠራም፤ ሂድ ሚስትህን ጠብቅ» አሉኝ። ሄድኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማክሰኞ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን በመሆኑ ጀልባ አይወጣም፤ የእኛም ግቢ ዳርቻው ላይ ስለሆነ በአባቶች ስምምነት መዶሻ አይመታም። እርስዎ ግን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን በራፌ ላይ አቁመው «አለቀ» አሉኝ። እኔም «ማስተር ለአራባ ሲል የባሕሩን ቀን ሻረላት» ብዬ መረቅሁዎ። ከጎረቤት አንድም ሰው የመዶሻ ድምፅ አለመስማቱን እንኳ በእጅዎ ጥበብ አሳበብኩት። የዛገ ቡለን ደግሞ ጸጥ ብሎ እንደማይወጣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ግቢ የተቀመጠ ጸሐፊ ሊያውቅ በተገባው ነበር። ለካ የባሕሩን ቀን አልሻሩም፤ በሚገባ አክብረዋል።

ሁለተኛ፤ በአንቀጽ አራት መሠረት ስለሰጡኝ ጥቅል አመሰግናለሁ። በሲሚንቶ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ሦስት ዙር ታስሮ፣ በሁለት እጅዎ አቀበሉኝ፤ «አሮጌ ሞላዎችህ፣ ክፈትና እያቸው» አሉኝ። የአርባ ዓመት ወዳጄን ጥቅል ፊቱ ላይ ፈትቼ ብመረምር ነውር መስሎ ስለታየኝ ሳልከፍት አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። እንደማልከፍተው ያውቁ ነበር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሌሊት የሚያነቃኝ ይህ ነው፤ እምነቴን ቆጥረውበት ነበር።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ ወደ ታኮራዲ ስንሄድ ስለተደሰትንበት ምቾት አመሰግናለሁ። አሮጌው ገበያ ጋ ያለውን ጉድጓድ ስናልፍ «እንዴት ነው?» አልኳት። አራባ የልብሷን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ «ለስልሷል፤ ማስተርን አመስግንልኝ» አለች። እኔም መሪውን እንደያዝኩ ለስልሷል አልኩ፤ እርስዎ ሠርተውት እንዴት አይለሰልስም? የዚያኑ ቀን ማታ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ ኬንኬና የተጠበሰ ዓሣ ላከችልዎ። ተቀብለው በሉ። «እጇ ይባረክ» ብለው መላክዎንም አልረሳሁም።

አራተኛው ምስጋና ለጎማዬ ነው። በሦስተኛው ረቡዕ ከሆስፒታል ስንመለስ ሐይቁ ማዶ ፈነዳ፤ የፈነዳውም ኤኩዋ ኦቱ ጋራዥ በር ላይ ነው። ኤኩዋ ከእርስዎ ዘንድ ሙያ ተምራ የወጣች፣ እርስዎም «ገና እጇ አልጠነከረም» የሚሏት ናት። መኪናዋን በክሪክ አንስታ ጎማውን ስታወጣ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ፣ «አባባ ኤኮው፣ ሞላ ቀየርኩ አላሉኝም እንዴ?» አለች።

«ማስተር ራሱ ነው የቀየረው» አልኳት፤ ኮራ ብዬ።

«ታዲያ አዲስ ሞላ የጀልባ ቀለም ተቀብቶ ነው እንዴ ከአክራ የሚመጣው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰማያዊ ነበር። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ከሟቹ ወንድሜ ጀልባ የተረፈውን ቀለም ጨው እንዳይበላቸው ብዬ የቀባኋቸው የራሴው አሮጌ ሞላዎች እንደተገጠሙ ነበሩ። ያን ዕለት የቀለሙን ቆርቆሮ ይዘውልኝ የቆሙት እርስዎ ነበሩ፣ ክቡር ሊቀ መንበር። ቡለኑም አናቱ ተበልቶ፣ ላዩ ላይ ግሪስ ተለቅልቆበት፣ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ቁጭ ብሏል። ቤት ገብቼ ጥቅሉን ፈታሁ፤ አጫጭርና ወፋፍራም የትሮትሮ ሚኒባስ ሞላዎች ናቸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ደንደሱ ይህን ያህል ከፍ ያለ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አዲሶቹን ሞላዎቼን ኤኩዋ መጥታ ስትጠይቅዎ ከመጋዘንዎ ከነማሸጊያቸው አውጥተው በአጥሩ ላይ አቀበሏት። ስለዚህ ሌባ አይደሉም፤ ይህንን በአደባባይ እመሰክራለሁ። ሌባ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ለሌባ በር ይቆለፋል፤ እርስዎ ግን አንድ ዝገት እንዳሸነፈዎ ለእኔ ለመናገር አፍረው ነው የሚስቴን አጥንት ሦስት ረቡዕ ያንገጫገጩት። ፊፊ፣ «አልወጣልኝም» ብትለኝ ምን እልህ ነበር? ሻይ አፍልቼ አብረን ቡለኑን አንሰድበውም ነበር?

ለሙያው ጥቅም ሲባል ቡለኑ እንዴት እንደወጣም ይመዝገብ። ኤኩዋ እሑድ ዘይት አጠጣችው፤ ሰኞ በእሳት አሞቀችው፣ ቀስ ብላ መታችው፣ ደግማም ዘይት አጠጣችው። ማክሰኞ እንደ ደንቡ አረፈች፤ ዘይቱ ግን አላረፈም። ረቡዕ ማለዳ አሁንም እምቢ ሲል ከጎሚኒው ግራና ቀኝ በብረት መጋዝ ቆርጣ አወጣችው፤ በቦታውም አዲስ ጎሚኒና አዲስ ቡለን ግሪስ ቀብታ አስገባች። «ቡለን ከሰው ጋር ጠብ የለውም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለችኝ። አሮጌዎቹን ሰማያዊ ሞላዎች ሳልጠይቃት እጄ ላይ አኖረቻቸው፤ ወረቀትም አልጠቀለለችባቸው። ደንቡን የተማረችው ከእርስዎ መሆኑን ሳስብ ደግሞ አዘንኩ።

በመጨረሻም ከጸሐፊነቴ ስሰናበት አንድ አዲስ አንቀጽ ረቂቅ ትቼልዎ እሄዳለሁ፤ «መካኒክ ቡለን ሲያሸንፈው አሸነፈኝ ይበል፤ ይህን በማለቱም ማንም አይሳቅበት።» ደመቅ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የሚጎድለው ፊርማዎ ብቻ ነው።

ከማይነጥፍ አክብሮትና ከደረቀ ወዳጅነት ጋር፣
የእርስዎን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ሳያጎድል የጻፈ፣
ኤኮው ክዋንሳ

ማሳሰቢያ፤ የትሮትሮውን ሞላዎች በዚያው ሲሚንቶ ወረቀት፣ በዚያው ሽቦ ሦስት ዙር አስሬ ልኬልዎታለሁ፤ የሚቀጥለው ወዳጅዎ ይጠብቃቸው ይሆናል። በትንሹ ጥቅል ውስጥ ያለው የተቆረጠው ቡለን ነው፤ እርስዎ እንኳ ይክፈቱት።

ይህን ደብዳቤ እንዳልለጥፍ አራባ ለምናኝ ነበር። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምራ አውቃ ኖሯል። ለምን ለስልሷል እንዳለች ስጠይቃት፣ «ማስተር እንዳያፍር ብዬ ነው» አለችኝ።