ክንፉ ላይ የተጫነው ጀንፈል

ሰኞ

የወርክሾፑን ቁልፍ ተቀበለኝ። «ትንሽ ዕረፊ» ብሎ። አቶ ዘሪሁን፣ የወርክሾፑ ባለቤት፣ ሰው ሲያባርር እንደዚህ ነው።

በወርክሾፑ የሠራናት ባለ ሁለት ሰው አውሮፕላን ሐሙስ ከቴፒ ሜዳ ትነሳለች ተብሏል። የክንፏ ስሌት የእኔ ነው። ቅዳሜ ግን ብሎን ግዢ ብለው ሚዛን ተፈሪ ልከውኝ፣ ክንፉን ያለ እኔ ፈተኑት። ክንፉ ተገልብጦ የአሸዋ ጆንያ ይጫንበታል፤ በበረራ ጊዜ አየሩ ከታች የሚገፋውን ያህል። አሸዋ የሚመጣበት የወንዙ መንገድ ጭቃ ስለሆነ ከአቶ ዘሪሁን መጋዘን ጀንፈል ቡና፣ ከነገለባው፣ አምጥተው ጫኑ። አሥራ ሁለት ጆንያ።

«መዘናችሁት?» አልኩ የወርክሾፑን ልጆች።

«ስልሳ ኪሎ ተብሎ ተጽፎበታል እኮ።»

የፈተናውን ወረቀት አልፈርምም አልኩ። ሌላ ሰው ፈረመ።

ማክሰኞ

መጋዘን ሄድኩ። እትዬ አልማዝ፣ መጋዘን ጠባቂዋ፣ ባስኩላው ላይ አንዱን ጆንያ አወጣችልኝ። ሃምሳ ሁለት ኪሎ። ሌላው ሃምሳ አንድ ተኩል። ስድስቱን መዘንን፣ ሁሉም እንደዚያው።

«የተጻፈው በተገዛበት ቀን ነው። ያኔ እርጥብ ነበር፣ አሁን ደረቀ። የቡና አገር ልጅ ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል?»

አፈርኩ። ክንፉ ሙሉ ጭነቱን ቅዳሜ አልተሸከመም፤ መቶ ኪሎ ያህል ጎድሎት ነበር። ሐሙስ ሁለት ሰው ይዞ ሊወጣ ነው።

ረቡዕ

አብራሪውን፣ ታደለን፣ ሻይ ቤት አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት።

«መሲ፣ እኔ እንደሆንኩ ከሲታ ነኝ። የጎደለውን አካክስልሻለሁ።»

አልሳቅኩም። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንቺ ብትሆኚ ትወጪያለሽ?»

«አልወጣም።»

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ማታ ደወለልኝ፤ መሲ ራሷ ጆንያውን መዝና እንደገና ካልተፈተነ አልበርም ብሏቸዋል። አቶ ዘሪሁን «ያቺ ልጅ ነች» አለ አሉ። አዎ፣ ነኝ።

ሐሙስ

በትራክተር አሸዋ መጣ። እያንዳንዱን ጆንያ ራሴ መዘንኩ፣ ስልሳ፣ ስልሳ። አቶ ዘሪሁን እጁን አጣምሮ ቆሟል። አሥር ተጫነ፣ ጸጥ። አሥራ አንደኛው ላይ ክንፉ ከአካሉ ከሚገናኝበት ቦታ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሁላችንም ወደ ኋላ አልን።

«ይኸው ስሌትሽ» አለኝ አቶ ዘሪሁን።

ጥፋቱ የመገጣጠሚያው ብየዳ ይሁን የእኔ ስሌት ገና አላውቅም። ነገ ክንፉን ፈትተን እናያለን። ስሌቴ ከሆነ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ፤ ያንን ለመናገር ማንም አይቀድመኝም።

ታደለ በባጃጅ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገዱ እስኪሰውረው ቆሜ አየሁት።