ስለ ደረቁት ዛፎች

አባዬ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። ኮሮናው ግን አልሄደም፤ ሶዌቶ አሁንም ማስኳን እንዳጠለቀች ናት። እማዬ ሱቁን ብቻዋን ይዛዋለች። ባባ የሚሉህ፣ መሞትህን ያልሰሙ አሮጊቶች ደንበኞችህ ዛሬም በብረቱ መስኮት አጮልቀው ባባ አልተሻለውም ወይ ይሏታል፤ ዳቦውን አቀብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም ምን ብዬ እንደማጽናናት አላውቅም።

ያንን የታሪክ ጥናቴን ታስታውሰዋለህ? የጀርመን ገበሬዎች ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ ደኑ የመስፍኑ ነው፣ ከደረቀ እንጨት በቀር እርጥብ እንዳትነኩ የተባሉበትን። ዩኒቨርሲቲው የተዘጋ ጊዜ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሳነብልህ፣ የደን ዘበኞቹ ዛፉ ሁሉ ለምን እንደሚደርቅ ግራ ገብቷቸው ነበር፣ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብል ሳቅህ መጣ። የምን በሽታ፣ የግንዱን ቅርፊት ዙሪያውን ልጠውት ነው እንጂ፣ በዓመቱ ደርቆ ይጠብቃቸዋል አልከኝ። ስልጤ አገርም ደኑ የመንግሥት ነው በተባለ ጊዜ እናንተም እንዲሁ ታደርጉ እንደነበር ነገርከኝ። ከዚያ ሳቅህ ጠፋ። ምንጭ ዳር የነበረ አንድ ትልቅ ዛፍ በገዛ እጅህ እንዳደረቅክ፣ በእሱም ሰበብ አንድ ነገር እንደደረሰ ልትነግረኝ ጀመርክ። ወይኔ አባዬ! የኦንላይን ትምህርት ደርሶብኝ፣ ቆይ በኋላ አልኩህ። ከሆስፒታል ደውለህ፣ ትንፋሽህ እየተቆራረጠ፣ ያንኑ ስታነሳብኝ መጀመሪያ ይሻልህ፣ ጊዜ አለን ብዬ ዘጋሁት። የምን ጊዜ ነበረን? በሦስተኛው ቀን ጀናዛህን ከሩቅ አሳዩን።

ዛፎቹን ያደረቋቸው ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው ብዬ ብጽፍ፣ የጥናቱ አማካሪዬ ማስረጃሽ ምንድን ነው አለችኝ። አባቴ ነው አልኳት። የተቀዳ ድምፅ፣ የተጻፈ ነገር ጠየቀች። የለኝም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ዛፎቹ በበሽታ ሳይደርቁ አልቀሩም ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ጥናቱም ባለፈው ሳምንት አለፈ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ምኑ ነው ደስታው? የከዳሁህ ያህል ያንገበግበኛል።

አልረሳህም አባዬ፤ ያልከኝን ሁሉ፣ ከነሳቅህ፣ እስክሞት ይዤው እኖራለሁ። ያልነገርከኝን ግን እንዴት አድርጌ ላስታውሰው?