በእጅጌ የተጠረገው ሰሌዳ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ባለሽቦው» እያሉ የሚጠሯቸው ልጃችን ከአባታቸው ከአውቶቡስ ሹፌሩና ከእናታቸው ከሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ በ1973 ዓ.ም. ከጣውላ መሰንጠቂያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እንደተወለዱ ቶሎ አላለቀሱም። አዋላጇ ጀርባቸውን መታ መታ ስታደርግ እናታቸው ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ እሳቸው መፍራቷን አልተወችም።

ለትምህርት ሲደርሱ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ መጨረሻው ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ። ገና ልጅ ሳሉ የአባታቸውን የጠረጴዛ ሰዓት ፈታትተው «ጊዜው የቱ ጋ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። አባታቸው «አንተ ፈትተኸው እኔ ጊዜውን በምን ልወቅ!» አሉ፤ በማግስቱም ሥራ በማርፈዳቸው ልጃቸውን ተቆጡ።

በ1994 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቀው እናታቸው አንሶላ በምታጥብበት ሆስፒታል ተቀጠሩ። ሥራቸው በበሽተኛ ራስ ላይ ሽቦ እየለጠፉ የአንጎሉን እንቅስቃሴ በማሽን መከታተል ነበር። አንዳንዱ «ወንድሜ፣ ሐሳቤን እንዳታነብብኝ፤ ሚስቴ ውጭ ቆማለች» ይላቸዋል። እሳቸውም «አይዞህ፣ ይሄ እንደ መብራት ቆጣሪ ነው፤ መብራቱን እንጂ የቤትህን ጉድ አይናገርም» እያሉ ያስቁት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ማሳቅ ቢወዱም በአንድ ነገር አይቀልዱም ነበር። ሐሳብም፣ ፍቅርም፣ ቁጥርም የአንጎል ሥራ ነው፤ አንጎል ሲቆም አብሮ ይቆማል ይሉ ነበር። አባታቸው ያረፉ ጊዜ እናታቸው «አሁን የት ሄደ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መዋሸት አልሆነላቸውም። «አባዬ የትም አልሄደም፣ እማዬ። አበቃ» አሏት። ይህች ቃል ማጠቢያ ክፍሉ ድረስ ተከትላት ትገባ ነበር።

እናታቸው ጡረታ ስትወጣ የጎልማሶች ትምህርት አስገቧት፤ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዝተውም ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉላት። እሷ ግን የጻፈችውን ማጥፋት ፈራች። ከሰሌዳው የጠፋ ፊደል ከጭንቅላቷም የሚጠፋ መስሏት በክፍተቱ እየጨመረች ስትጽፍ ሰሌዳው ጠመኔ በጠመኔ ሆነ። ልጃችን ሳቁና በሸሚዛቸው እጅጌ ሙልጭ አድርገው ጠረጉት። «በይ አሁን የት ሄደ?» አሏት። ግንባሯን ነካች። «እንግዲያው አንብቢው» አሉ፤ ከባዶው ሰሌዳ ላይ አነበበችላቸው። ከዚያ ወዲያ ይህ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ።

አንድ ቀን ግን «አባትህስ ታዲያ?» ብላ ያዘቻቸው። «እሱም አንቺ ውስጥ አለ፤ ሰሌዳ ቀየረ። ያለ ሰሌዳ ግን የሚቆም ነገር የለም፣ እማዬ» አሏት። መጽናኛ መሆኑ ነበር። እሷ ግን የባሰ ፈራች፤ የእሷም ራስ አርጅቷልና።

ባለፈው ዓመት በአንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ባልደረቦቻቸው በእሳቸው ራስ ላይ ሽቦውን ሲለጥፉ እሳቸው የአንጎላቸውን መስመር በማሽኑ ላይ አይተው የእናታቸውን እጅ ያዙ። «ፈራሁ፣ እማዬ» አሉ። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የልጃቸው ስም፤ በመጨረሻም ፊደል።

በመጨረሻው ሳምንት እናታቸው ሰሌዳውን ከግድግዳ አውርዳ ወደ አልጋቸው ወሰደች። «ልጄ» ብላ ጻፈችበት። ትኩር ብለው አዩት፤ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ እጃቸውን በዝግታ አንሥተው በእጅጌያቸው ጠረጉትና ዐይን ዐይኗን አዩዋት። ግንባሯን ነካች። እንደ ድሮው ጠይቀዋት ይሁን ወይስ እጃቸው ልማዱን ብቻ አስታውሶ፣ አላወቀችም። ሐኪሙን ጠየቀችው፤ እሱም አላውቅም አላት።

ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እናታቸው ቀርተዋል።

ነፍስ አለች ብላ እናታቸው ታምናለች፤ ከሌለችም እንድትኖር ትለምናለች። ፈጣሪ ያቺን ነፍስ ከእጁ አይጣላት። የሰማችሁ ሁሉ ደግሞ እሳቸውን በየራሳችሁ ያዙላት። ብቻዋን መያዙን ፈርታለች።