ጥርሱ፣ ካርዱ እና እኔ

ጥቅምት 7

ተራ ቀን። ጥርስ መሥሪያው ወርክሾፕ ዋልኩ። ሁለት ሙሉ የላይ ጥርስ፣ አንድ የታች ግማሽ ሠራሁ። ሰም ሳቀልጥ፣ ጄሶ ስበጠብጥ ውዬ እጄ እስካሁን ነጭ ነው። ቤት ገብቼ የጥርሱን ውሃ ቀየርኩ። ራት በላሁ። ተኛሁ... አይ፣ ገና አልተኛሁም፣ ይሄን እየጻፍኩ ነው።

ሰው ቢያነበው ምን ይላል? "የሞተ ባሏን ሰው ሠራሽ ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ ታኖራለች።" አዎ፣ አኖራለሁ። ኦፕራሲዮን ሊገባ ሲል አውልቆ "ያዢልኝ" አለኝ። ያዝኩለት። እሱ ሳይወጣ ቀረ፤ ጥርሱ በቦርሳዬ ቤት ገባ። ይኸው ዓመት አለፈው፣ መታጠቢያ ቤት፣ መስታወቱ ስር። ደግሞ የሠራሁት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ ያማረልኝ የለም። ምን ላድርገው፣ ልጣለው?

ጥቅምት 9

ልጄ ደወለች። ቅዳሜ ትመጫለሽ ወይ አልኳት። ከዚያ...

"እማዬ፣ እሱ ነገር አሁንም አለ?"

"የቱ ነገር?"

"እንዳላወቀ ሰው አትሁኚ። ፊቴን የምታጠበው እኮ የአባዬ አፍ ፊት ነው! አልችልም። ካላነሳሽው እኔም አላድር፣ ልጄንም አላመጣ።"

ባለፈው ሕፃኗ አይታው ቤቱን በጩኸት ቀወጠችው፣ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ሳቅኩ። እዚያ ላይ ነው መሰለኝ የተቀየመችኝ።

ከልጅሽና ከጥርስ ምረጪ ተባልኩ ማለት ነው። መልሱ ቀላል ነው አይደል? ታዲያ ዛሬም ለምን ውሃውን ቀየርኩ?

ጥቅምት 12

ፎቅ ስር ያለችው ፀጉር ሠሪ ቀለም እየቀባችኝ አንድ ሁለት ስትለኝ አፌ ተፈታ። ሁሉን ዘረገፍኩላት። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ቀለሙ ጆሮዬ ላይ ደረቀ። ስወጣ አሮጌ የታሮት ካርዶቿን፣ ሰው ዕጣ ፈንታውን የሚያይባቸውን ባለ ሥዕል ካርዶች፣ ሰጠችኝ፤ አዲስ ገዝታለች።

"ጥንቆላ እንዳይመስልሽ። ሥዕሉን እያየሽ ራስሽን ትጠይቂያለሽ። ምን ይዣለሁ፣ ምን ልልቀቅ እያልሽ።"

"መልሱን ማን ይሰጠኛል?"

"አንቺው ነሻ!"

ታዲያ ካርዱ ሥራው ምንድነው? ቁጭ ብሎ ሊያየኝ? ያም ሆኖ በነፃ የመጣ ነገር አልጠላም። ይዤው ወጣሁ።

ጥቅምት 13

የመጀመሪያዬ። ካርዶቹን በወዝኩ፣ አንዱን ሳብኩ። ሞት! ጥሩ አጀማመር።

አፅም ፈረስ ላይ ጉብ ብሎ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ፊቱ ይንበረከካል። እኔ ያየሁት ጥርሱን ነው። ሙሉ! የእኔ ሰውዬ በድዱ ሄደ፣ ሞት ሆዬ ጥርሱን ሰድሮ ይጋልባል። ለነገሩ ሠዓሊው አላወቀበትም። መንጋጋው እንዲህ ከገጠመ ሞት ምሳውን ማኘክ አይችልም።

ራስሽን ጠይቂ ተብያለሁ፣ ጠየቅኩ። ምን ይዘሻል? ጥርስ። መቼ ትለቂዋለሽ? ... ነገ።

ጥቅምት 16

አራት ሳንቲም የያዘ ሰውዬ ወጣልኝ። አንዱን አናቱ ላይ ጭኖ፣ አንዱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሁለቱን በእግሩ ረግጦ ቁጭ ብሏል። ምን ዓይነቱ ስስታም ነው! ሽንቱ ሲመጣ ምን ሊሆን ነው? ለብቻዬ ስስቅ ቆየሁና እጄን አየሁት። ብርጭቆው እጄ ላይ ነው። ውሃ ልቀይር አንስቼው፣ እንደያዝኩት ተቀምጬ ኖሯል።

ካርዱን ወደ ቦታው መለስኩት። ነገረኛ።

ጥቅምት 18

እትዬ መጡ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት። ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

"ደግሞ ጠንቋይ ሆንሽልን?"

"ጥንቆላ አይደለም እትዬ። ማሰላሰያ ነው።"

"ለማሰላሰል አርፎ መቀመጥ አይበቃም?"

እንደተቆጡ ሻይ ጠጡ። እንደተቆጡ ኮታቸውን ለበሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እስቲ ለእኔም አንድ ሳቢልኝ... ስለ ጉልበቴ።"

ሳብኩላቸው። በአንድ እግሩ ተዘቅዝቆ የተንጠለጠለ ሰው። እታች እስኪደርሱ ድረስ ደረጃው ላይ ሲያጉረመርሙ ይሰማኝ ነበር።

ጥቅምት 21

ሞት። እንደገና። በደንብ አልበውዝም ይሆን?

ጥቅምት 23

ዛሬ የወጣው ሠራተኛ ነው። አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መዶሻና መሮ ይዞ ይቀርፃል። ቁርጥ እኔን። ጀርባው እንደሚያመው አልጠራጠርም።

ትንሽ አየሁት፣ ከዚያ ያ ጊዜ መጣብኝ። የባለቤቴ ጥርስ ያለቀ ሰሞን አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር የሚያወራኝ፣ እኔን! ልሠራለት ስል ደግሞ አመሉ ተነሳ። "የፊቱን አንዱን ጠመም አድርጊው፣ ድሮ እንደነበረው። ቀጥ ካለ የሌላ ሰው አፍ ነው።" አጣመምኩለት። አጥልቆ መስታወት አየና ሳቀ... ያ ሳቅ። ጠረጴዛ እየደበደበ። ከዚያ በኋላ በሳቀ ቁጥር፣ ግማሹ የእኔ እጅ ሥራ ነው እያልኩ በሆዴ እኮራ ነበር።

ጥርሱን ከጣልኩ ሳቁን ጣልኩ ማለት ነው። ለዚህ ነው እምቢ ያልኩት። ይኸው ጻፍኩት። ካርዱ ደስ ይበለው።

የጥርሱ ዳር ዳር ደብዝዟል። ነገ ወርክሾፕ ወስጄ እወለውለዋለሁ።

ጥቅምት 24

ጉድ ፈላ!

ጠዋት ወለወልኩት፣ አበራ። እንዳይቧጨር ብዬ ሳጥን ውስጥ አደረግኩት። ሳጥኖቻችን ሁሉ አንድ ናቸው፣ ነጭ። የክሊኒኩ ነርስ እየተጣደፈች መጣች፤ አንድ ሳጥን አንስቼ ሰጠኋት። ከሰዓት ስልክ ጮኸ። ዶክተሩ።

"ይሄ የላኩልን ጥርስ የፊቱ ለምን ጠመመ? ደግሞም አይገጥምም። ታካሚው በጣም ተቆጥተዋል።"

የፊቱ... ጠረጴዛዬ ላይ የቀረውን ሳጥን ከፈትኩ። የታካሚው ጥርስ፣ ቀጥ ብሎ፣ ተኝቷል።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሽርጤን እንኳ አላወለቅኩም። ስገባ አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ጋደም ብለዋል። አፋቸው ውስጥ የባሌ ጥርስ።

"በገንዘቤ ጠማማ ጥርስ ልገዛ ነው?" ሲናገሩ የላይኛው ወረደባቸው። በምላሳቸው ገፍተው መለሱት።

"ይቅርታ አባባ፣ ሳጥን ተሳስቼ ነው። የሌላ ሰው ነው።"

"የማን?"

መዋሸት ይቻል ነበር። አፌ ቀደመኝ። "የባለቤቴ።"

"እሱስ ታዲያ አሁን በምን እየበላ ነው?"

"አይበላም። ሞቷል።"

ቀልድ መሰላቸው። ሳቁ! በዚያው ጥርስ፣ ከነጠማማው።  አፋቸው ላይ አፍጥጬ ያንን ሳቅ ጠበቅኩ... ምንም። ሂ ሂ የሚል፣ የማላውቀው ሰው ሳቅ። ከዚያ ፊቴን አዩትና ሳቃቸውን ዋጡ። ዶክተሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነርሷ ውልቅ ብላ ወጣች። ሽማግሌው ጥርሱን ቀስ ብለው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ውሃ ጠየቁ። ተጉመጠመጡ። እንደገና ተጉመጠመጡ።

"ነፍስ ይማር" አሉ በመጨረሻ። "ሰፋ ያለ አፍ ነበረው።"

የራሳቸውን ጥርስ አስረከብኩ፣ ይቅርታ ብዬ ብዬ ወጣሁ።

አሁን ቤት ነኝ። ያው ጥርስ ነው፣ ቅንጣት አልተለወጠም። ሳቁ ግን የለበትም። ድሮስ መች ነበረበት? ሳቁ የእሱ ነበር፣ ግማሹም ሳይቀር። እኔ የሠራሁት ጥርስ ነው። ስንት ጊዜ ሙሉ የማይሆን ነገር ስጠብቅ ከረምኩ... አለቀስኩ። ናፈቀኝ። ጥርሱ ሳይሆን እሱ፣ እሱ ራሱ ናፈቀኝ።

ጥቅምት 25

ወርክሾፕ የተበላሸ ጥርስ የምንጥልበት ባልዲ አለ። ጣልኩት። ዓይኔን ሳልጨፍን። ቋ አለ፣ በቃ።

ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለምን እንደገባሁ ጠፋኝ። ለልጄ "ነይ" ብዬ ጻፍኩላት። ካርድ አልሳብኩም፣ ደክሞኛል።

ጥቅምት 30

መጣች! ሕፃኗን ይዛ፣ የሌሊት ልብስ ይዛ። ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። መስታወቱ ስር ፈለገች።

"እማዬ... የታለ?"

"ጣልኩት። አንሺ ብለሽ አልነበር?"

"ሳትነግሪኝ?"

የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ። ጉድ እኮ ነው! አንሺ ያለችኝ እሷ፣ አላነሳም ያልኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ አባባይዋ እኔ።

"ልሰናበተው ነበር" አለች። አላሰብኩትም። እውነቴን ነው፣ እሷም የምትሰናበተው ነገር እንዳላት አንድ ቀን አላሰብኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሽማግሌውን ነገር ነገርኳት፣ ከነመጉመጥመጣቸው። "ሰፋ ያለ አፍ ነበረው" የሚለው ላይ ስደርስ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አፈናት።

"አባዬ ይሄን ቢሰማ..." ከዚያ ቆም አለች። "እንዴት ነበር ግን የሚስቀው? ከታች ተነስቶ... እንዴት ነበር?"

ሞከርኩ። "ኧረ አይደለም!" አለች። እሷ ሞከረች። ፍየል መሰለች። እንደገና እኔ። የባሰ። ሕፃኗ በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ታየናለች።

ሁለታችንም አልቻልንበትም። ከእሱ በቀር የሚችልበት የለም። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ በየራሳችን ሳቅ።